የላቡቡን ጸጉር በማርከር መቀባት፦ ከጸጉር ሠሪ ለጀማሪ

ማርከር አያነጣም። ከዚህ እንጀምር። ጥቁር ቡናማ ላቡቡ (ቦርሳ ላይ የምትንጠለጠለውን ጸጉራም አሻንጉሊት) ይዛችሁ "ሮዝ ትሁንልኝ" ብትሉ፣ የምታገኙት ትንሽ ቀላ ያለች ጥቁር ቡናማ ላቡቡ ነው። ጸጉር ቤት ውስጥም ስደጋግመው የምውለው ይህንኑ ነው። ደንበኛ ጥቁር ጸጉሯን ይዛ ትመጣና "ቀለም ብቻ አድርጊልኝ፣ ብሊች እንዳታስነኪኝ" ትለኛለች። ቀለም የነበረው ላይ ይጨምራል እንጂ የነበረውን አያነሳም። ለሰው ጸጉር ቢያንስ የነበረውን ቀለም የሚያነጣው ብሊች አለልን። የላቡቡ ጸጉር ግን ፖሊስተር ነው፤ ብሊች ብታፈሱበትም ደንታ የለውም።

ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ማርከር ከመንካታችሁ በፊት፣ የትኛዋን እንደምትቀቡ ስትመርጡ ነው። ነጭ ወይም ክሬም ትሁን። ፈዛዛ ግራጫና ፈዛዛ ሮዝም ይሄዳሉ። ከዚያ የጠቆረችውን እንዳለች ተዉአት።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምሠራ ጸጉር ሠሪ ነኝ። አሻንጉሊት ሰብሳቢ አይደለሁም። እዚህ ጉድ ውስጥ የከተተችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ከሚገዛው የሚስጥር ሳጥን የወጣችላት ሁለተኛዋ ላቡቡ ቤት ካለችው ጋር አንድ ዓይነት ሆነችባትና "አክስቴ፣ አንቺ የሰው ጸጉር ትቀቢ የለ፤ የእሷንም ቀቢልኛ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼም ቦርሳቸው ላይ ያንጠለጠሏትን እየፈቱ "እቺንስ?" ይሉኛል።

ላቡቡን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገው ሠዓሊ ካሲንግ ለንግ በ2015 የፈጠራት፣ ጆሮዋ የጥንቸል ጥርሷ የአውሬ የሆነ ፍጡር ናት። የቻይናው ኩባንያ ፖፕ ማርት በ2023 ቦርሳ ላይ የምትንጠለጠል ጸጉራም አሻንጉሊት አድርጎ አወጣት። በ2024 የኮሪያው የሙዚቃ ቡድን የብላክፒንክ ድምፃዊት ሊሳ ይዛት ስትታይ ነገሩ ከቁጥጥር ወጣ። የተለመደችው ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። የ2025ቱ "ቢግ ኢንቱ ኢነርጂ" ዙር እዚህ አሜሪካ አንዷ በ27.99 ዶላር ነበር የምትሸጠው፤ ያውም የትኛዋ ቀለም እንደምትደርሳችሁ ሳታውቁ። የተደገመች ላቡቡ በየቤቱ የበዛችው በዚህ ምክንያት ነው። መቀባት የሚያምረውም የተደገመችውን ነው።

ለሥራችን ማወቅ ያለብን አካሏ ከሁለት ነገር መሠራቱን ነው። ጆሮዋና ገላዋ የፖሊስተር ጸጉር ነው። ፊቷ፣ እጇና እግሯ ግን ቪኒል ነው፤ ለስላሳ ፕላስቲክ በሉት። ለጸጉሯ የሚሆነው ማርከር ፊቷን ያበላሻል። ለፊቷ የሚሆነው ደግሞ ጸጉሯን አድርቆ ያጣብቀዋል። ሁለት ዓይነት ማርከር ትገዛላችሁ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

የመጀመሪያ ልምምዳችሁን በምትወዷት ላቡቡ አታድርጉ። አንድ ነጭ ጸጉራም ድብ ወይም ጥንቸል ፈልጉ። አዲስ አበባ ላላችሁ ሰልባጅ ተራ አይጠፋም። እዚህ ያላችሁ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ግቡ። ጀርባው ላይ ያለውን ምልክት አንብቡና ፖሊስተር የሚል ከሆነ ይበቃል። አስመስለው የሚሠሯት፣ ላፉፉ የምትባለውስ? ለመለማመጃ ትሆናለች። ግን የፊቷ ቀለም አልኮል ሲነካው ቶሎ ይለቃል፤ ጸጉሯም ሳስቶ ከሥሩ ጨርቁ የሚታይባት አለች። በዚያ ላይ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በኦገስት 2025 ስለ ሐሰተኛ ላቡቦች አስጠንቅቋል። በቀላሉ ስለሚበታተኑ ቁርጥራጫቸው የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ቤታችሁ ሁሉን ነገር አፉ የሚከት ሕፃን ካለ፣ የተቀባችም ያልተቀባችም ላፉፉ ባትኖር ይሻላል።

ምን ይገዛ?

ለጸጉሩ አልኮል ማርከር ግዙ። ፖሊስተር ውኃ አይጠጣም፤ የልጆች የትምህርት ቤት ማርከር ውኃ ስለሆነ ላዩ ላይ ጠብታ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ሲነኩት ይለቃል። አልኮል ግን ጸጉሩን አርሶ ቀለሙን በየዘለላው ላይ ይዘረጋዋል። ከዚያ እሱ ይተናል፣ ቀለሙ ይቀራል። ለዚህም ነው ዋናው ሠራተኛ አልኮሉ ነው የምለው። ማርከሩ ቀለም ያቀብላል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አልኮሉ ነው።

ከብራንዶቹ ኦሁሁ ለጀማሪ ይበቃል፤ በርካሽ ብዙ ቀለም ትወስዳላችሁ። የጃፓኑ ኮፒክ ውድ ነው፤ ቀለሙ ሲያልቅ መሙላትና አፉን መቀየር ስለሚቻል ሥራዬ ብሎ ለያዘው ሰው ያዋጣል። ሻርፒም አልኮል ስላለው ይሠራል፣ ግን ለስለስ ያሉ ፈዛዛ ቀለሞች እንደ ልብ አታገኙበትም። እንደ ብሩሽ የሚተጣጠፍ አፍ ያለውን ምረጡ። ደረቁና ሰፊው አፍ ጸጉሩን እየጎተተ ያዳክማችኋል።

ሙሉ ገላዋን አንድ ቀለም ላድርጋት ካላችሁ አንድ ማርከር አይበቃም። ጸጉር ቀለም ይጠጣል። ለዚህ ነው ጀማሪ ከጆሮ ጫፍ ይጀምር የምለው።

አልኮሉ አይሶፕሮፒል ይሁን፤ እዚህ ማንኛውም ፋርማሲ 91 በመቶው አለ። 70 በመቶውም ይሠራል፤ ሠላሳው ውኃ ስለሆነ ግን ለመድረቅ ይዘገያል። አዲስ አበባ ፋርማሲ የምታገኙት 70 በመቶ ኢታኖልም ይሆናል። እንደ ጄል የወፈረው የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፤ ጸጉሩን ያጣብቃል። አልኮሉን ጭጋግ የመሰለ ውኃ በሚረጭ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት። ደህና አድርጎ የማይረጭና የሚያንጠባጥብ ጠርሙስ ሥራ ያበላሻል።

የቀረው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጓንት፣ ብዙ ነጭ ሶፍት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀጭን ጥርስ ያለው ማበጠሪያ፣ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ ዳግም ምግብ የማይቀርብበት ነጭ የሸክላ ሳህን። የውሻ ጸጉር ማበጠሪያ ብሩሽ ካላችሁ ከሁሉም እሱ ይበልጣል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አልኮል ይቀጣጠላል፤ ትነቱም እንዲሁ። ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ ፍም ይዞ፣ እጣኑ እየጨሰ በዚያው ክፍል ላቡቡ አይቀባም። ቡናው ይቅደም፣ እሳቱ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከዚያ ቁጭ በሉ። ሻማና ሲጋራም እንደዚሁ። ልጆች ቢቀቡም አልኮሉን የሚረጨው አዋቂ ይሁን።

ከመቀባት በፊት

ልብሷንና የመንጠልጠያ ቀለበቷን አውልቁ። ጸጉሯን መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ተፈጥሮው አበጥሩ። ተቋጥሮ የቆየ ጸጉር ከውስጡ ቀለም አይገባውም፤ በኋላ ሲፈታ ነጭ ነጩ ብቅ ይላል።

አሁን ፊቷን ሸፍኑ። ይቺን ደረጃ መዝለል አይታሰብም። አልኮል ከፋብሪካ የመጣውን የዓይንና የጉንጭ ቀለም ሊያነሳ ይችላል። ማርከሩም ቪኒል ላይ ከነጠበ እድፉ አይወጣም። ጸጉሩን ከፊቷ ዳር በማበጠሪያው ወደ ኋላ መልሱ፣ ላስቲኩን ፊቷ ላይ ልክ አድርጉ፣ ዳር ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ዝጉ። ፕላስተሩ ጸጉሩ ላይ እንዳይለጠፍ ተጠንቀቁ። ለእጅና ለእግሯ እኔ ከአሮጌ ጓንት ጣቶቹን እቆርጥና አለብሳታለሁ፤ ላዩን በጸጉር ላስቲክ አስራለሁ። የእህቴ ልጅ በዚህ እስኪበቃት ስቃለች። ግን አንድም ጣት ቀለም አልነካም።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ማሳሰቢያ። የሰው ጸጉር ስንቀባ ቆዳ እንዳይያዝ ግንባር ላይ ቫዝሊን እናደርጋለን። እዚህ በጭራሽ! ቅባቱ ወደ ጸጉሩ ይሄድና ቀለም የማይዝበት ቦታ ይፈጥራል፤ ከፖሊስተር ላይ ቅባት ማስለቀቅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ከዚያ ሙከራ። ጎኗ ላይ ምልክቱ የተሰፋበት አካባቢ ወይም ከበታቿ የማይታይ ቦታ ፈልጉና የጥፍር ያህል ቀቡ። የማርከሩ ክዳን ላይ ያለውን ቀለም አትመኑ። ክሬም ጸጉር ላይ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሐምራዊ ይደበዝዛል። እርጥቡን ዓይታችሁም አትወስኑ፤ ሲደርቅ ይፈዛል። ከደረቀ በኋላ በነጭ ሶፍት ፈተግ አድርጉት። ሶፍቱ በጣም ከተበከለ ቀለም አብዝታችኋል ማለት ነው።

አደይ ቢጫ ጆሮ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ሥራ አንድ ነው፦ ክሬም ላቡቡ፣ የጆሮዋ ጫፍ አደይ አበባ ቢጫ፣ ወደ ታች እየፈዛ የሚጠፋ። ለእንቁጣጣሽ ቦርሳ ላይ ብታንጠለጥሏት ያምራል። የመረጥኩት ግን ለውበቱ ብቻ አይደለም። ቢጫ ይቅር ባይ ቀለም ነው፤ ትንሽ ቢያልፍም አያስጮህም። ላዩ ላይ ሌላ ቀለም መጨመር ብትፈልጉም ይቻላል። በጥቁር ወይም በቀይ የጀመረ ሰው መመለሻ የለውም።

ጆሮውን ሳህኑ ላይ አስተኙት። ጸጉሩን በማበጠሪያ ክፈቱት፣ እንደ ፈርቅ። በጠርሙሱ አንዴ ብቻ እርጩ፤ እርጥብ እንጂ የራሰ እንዳይሆን። የምትረጩት ቀለሙ እንዲጠፋ ከምትፈልጉበት መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውንም ጨምሮ ነው። ደረቅ ቦታ ላይ የቆመ ቀለም መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል።

ማርከሩን ከጫፍ ጀምሩ። ጫፉ ላይ በደንብ፣ መሐሉ ላይ ቀለል አድርጋችሁ፣ ታች ምንም። ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ሳቡ። ወደ ላይ ከቀባችሁ የማርከሩ አፍ ይበጣጠሳል። ከዚያ ጸጉሩን ወደ ሌላው ጎን ገልብጡና ከሥር ያለውን ቀቡ። ጀማሪ ላይ ላዩን ቀብቶ ያቆማል፣ ንፋስ ሲነካው ነጭ ሥሩ ይታያል። የሰው ጸጉር ላይ ቢሆን ደንበኛዋ አትመለስም ነበር።

ሳይደርቅ አበጥሩ። ይህ የሥራው ልብ ነው። በጥርስ ብሩሹ ከሥር ወደ ጫፍ፣ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ። ሳይበጠር የደረቀ ጸጉር ዘለላው ተጣብቆ ሾጣጣ ሾጣጣ ይሆናል። እየቀባችሁ አበጥሩ፣ እያበጠራችሁ ቀቡ። ቀለሙ የሳሳው መስመር ጋ ስትደርሱ ማርከሩን አስቀምጡና አልኮል ብቻ ረጭታችሁ በብሩሹ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ፈዛዛው ሽግግር የሚመጣው በዚህ ነው።

ከጆሮው ሥር ጨርቅ እንዳለ አትርሱ። ጨርቁ አልኮሉን ይስብና ቀለሙን ካልጠበቃችሁት ቦታ ያደርሰዋል። ደጋግማችሁ ከረጫችሁ ጆሮው ጫፍ ላይ የነበረው ቢጫ ግንባር ጋ ብቅ ይላል። ስለዚህ አንዴ እርጩ፣ ቀቡ፣ አበጥሩ፣ ጠብቁ። ደርቆ ካልበቃችሁ ሌላ ዙር። በመጀመሪያው ዙር የፈለጋችሁትን ድምቀት ለማግኘት አትታገሉ።

የማርከሩ አፍ ጸጉር ይለቅማል። በወረንጦ እየለቀማችሁ አጽዱት። ቢጫው ሌላ ቀለም ከነካም ወዲያው ነጭ ወረቀት ላይ እስኪጠራ ጫሩት፤ አለዚያ ለዘላለም የቆሸሸ ቢጫ ነው የሚሆነው።

ሰፋ ያለ ቦታ ስትቀቡ፣ ሆዷን ለምሳሌ፣ ሌላ መንገድ አለ። ማርከሩን ሳህኑ ላይ በደንብ ጫጭሩ፣ ላዩ ላይ አልኮል እርጩ፣ የሚቀልጠውን ቀለም በሥዕል ብሩሽ እያነሳችሁ ጸጉሩ ላይ አድርጉ። የማርከሩ አፍ ይተርፋል፣ ቀለሙም እኩል ይሆናል። እኔ እጄ የቀለም ሳህንና ብሩሽ ስለለመደ በዚህኛው ይቀናኛል።

ሁለተኛ ቀለም ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ፍጹም ይድረቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ፦ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። ይቻላል፣ ግን የመጀመሪያ ሥራ አይደለም። ቀይና አረንጓዴ እርጥብ ሆነው ከተገናኙ ጭቃ ቡናማ ይወጣል። ቢጫው መሐል ሆኖ ቢለያያቸውም ከቀዩ ጋር ብርቱካን፣ ከአረንጓዴው ጋር ሎሚ ቀለም ይሠራል። መሥራት ካለባችሁ ቢጫውን አስቀድሙ፣ አድርቁ፤ ቀጥሎ አረንጓዴውን ያለ አልኮል፣ በማርከሩ ብቻ፣ ጣት የማታህል ክፍተት ትታችሁ። ቀዩ የመጨረሻ። ነጠብጣብ የምትፈልጉም እንዲሁ ያለ አልኮል በደረቅ ጸጉር ላይ ነው፤ አልኮል ካለ ነጥቡ ይፈሳል።

ቀለም በዛብኝ ካላችሁ ሳይደርቅ ድረሱ። አልኮል እርጩ፣ በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ምጠጡ፣ ሶፍቱን ቀይሩ፣ ድገሙ። ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ግን ይቀላል። አትፈትጉ፤ ፍትጊያ ጸጉሩን ያንጨፈርረዋል።

ማድረቂያው አየር ነው። ፎን አንስታችሁ እንደ ሰው ጸጉር በሙቁ አትልቀቁባት። አልኮሉ ሳይተን የጋለ ነገር ማስጠጋት አደጋ ነው። ከተነነ በኋላም ፖሊስተር በሙቀት ይኮማተራል፤ የተጠበሰ ጫፍ በምንም ማበጠሪያ አይመለስም። ሌሊቱን መስኮት አጠገብ ትደር። ጠዋት አበጥሯትና በነጭ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጓት፣ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ። ያኔ የፊቷን ላስቲክ ፍቱ።

ፊቷ

ለፊቷ አልኮል ማርከር አይነሳም። አንዲት ደንበኛዬ ላቡቡዋን በቋሚ ማርከር ኩል ኩላት ነበር፤ መጀመሪያ ቀን በጣም ታምር ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ መስመሩ እየተንሳፈፈ፣ ዳሩ እየደበዘዘ፣ ዓይኗ የተመታች መሰለ። ቪኒልን ለስላሳ የሚያደርገው ቅባት መሰል ነገር የማርከሩን ቀለም ወደ ውስጥ እየሳበ ይበትነዋል። እዚያ ከገባ በኋላ ማውጫ የለውም።

ለፊት የሚሆነው በውኃ የሚሟሟው የቀለም ማርከር ነው፤ ፖስካን የመሰለ። ቀጭኑን አፍ፣ 0.7 ሚሊ ሜትሩን ግዙ። በደንብ ነቅንቁት፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጫን ጫን አድርጋችሁ ቀለሙ እኩል ሲወርድ ወደ ፊቷ ሂዱ። ውበቱ ማረም መቻሉ ነው። ከተሳሳታችሁ ቶሎ በእርጥብ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት፤ የደረቀችውን ትንሽ ነጥብ በስቴኪኒ ጫፍ ፋቅ አድርጓት።

ምን ይሣል? ጠቃጠቆ ቀላሉ ነው፤ ቡናማ ነጥቦች፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ፣ መጠናቸው እኩል ያልሆነ። የወርቅ ጥርስም አለ። ላቡቡ ዘጠኝ ጥርስ አላት፤ አንዱን በወርቃማ ፖስካ ቀብታችሁ የአራዳ ልጅ ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ የምወደው ግን ንቅሳት ነው። የአያቶቻችን የግንባር መስቀል፣ ከአገጯ ዳር ነጠብጣብ። ጥቁር አታድርጉት፤ የቆየ ንቅሳት ጥቁር አይደለም፣ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። ጥቁር አረንጓዴ ማርከር ያንን ያመጣዋል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ በልኳ ተለማመዱ፤ ግንባሯ ጠባብ ነው፣ መስቀሉ ትንሽ ከተለቀ ፊቷን ይውጠዋል።

ፖስካ ቪኒል ላይ ጥፍር ሲነካው ይላጣል፤ ስለዚህ መሸፈኛ ይፈልጋል። በውኃ የሚሠራ፣ የማያብለጨልጭ የሥዕል ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙት። ስፕሬይ ቫርኒሽ ለስላሳ ቪኒል ላይ አንዳንዴ ሳይደርቅ እንደተጣበቀ ይቀራል፤ አቧራና ጸጉር ሲሰበስብ ይኖራል። ሥራ ቦታችሁ ጥፍር የሚሠራበት ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፈተና ብዙ ነው። ግልጽ የጥፍር ቀለም በቫርኒሽ ፋንታ አይሆንም፤ ቪኒሉን ያጣብቀዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ጭራሽ አይቅረባት፤ ፊቷን ያደበዝዛል፣ ያለሰልሳል።

ከዚያ በኋላ

የተቀባች ላቡቡ አትታጠብም። ቀለሙ ጸጉሩ ላይ ተቀመጠ እንጂ እንደ ፋብሪካው ቀለም ውስጡ አልተቀቀለም። ነጭ ቦርሳና ነጭ ነጠላ ላይ ባትንጠለጠል ይመረጣል፣ በተለይ ዝናብ ባለበት ወራት። ፀሐይም ትጠላለች። የአልኮል ማርከር ቀለም ብርሃን ያነጣዋል፤ መኪና መስታወት ላይ ከሰቀላችኋት ሮዝና ሐምራዊው ቀድሞ ይሄዳል። ቀለሙ ከደከመ ግን በዚያው ማርከር ማደስ ይቻላል፤ ሲሸፈን የነበረው ሁሉ እንደገና ይሸፈናል እንጂ።

ልትሸጧት የምታስቡ ከሆነ አትቀቧት። ለሰብሳቢ ዋጋዋ ያለው እንደወጣች በመሆኗ፣ ከነሳጥኗና ከነካርዷ ነው። የቀባችኋትን ለሰው ስትሰጡም ስትሸጡም በእጅ የተቀባች መሆኗን ተናገሩ፤ ብርቅ ቀለም አስመስሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው።

ማርከሮቹን አጋድማችሁ አስቀምጧቸው። ሁለት አፍ ያለው ማርከር ቆሞ ከሰነበተ ቀለሙ ወደ ታችኛው ወርዶ የላዩ አፍ ይደርቃል። ክዳኑ "ቀጭ" እስኪል ዝጉ። ሳህኑ ላይ የተረፈው ቀለም ቢደርቅም አይጣልም፤ በሚቀጥለው ጊዜ አልኮል ስትረጩበት ይነሳል።